ውሽንፍርና መብረቅ ከመድረሱ በፊት ሰፈር እንዴት ይዘጋጅ? የጅማ ነዋሪዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው ለጅማ ሰፈሮች ነው። በእድር ስብሰባ፣ ቡና ሲጠጣ፣ ዝናብ ካባራ በኋላ ጎረቤት ከጎረቤት ሲነጋገር የሚነሱ ጥያቄዎችን ሰብስበናል። አንዳንዱ መልስ ረዘም ያለው ጉዳዩ ስለሚያሳስበን ነው። ውሽንፍሩን ማንም አያስቆመውም። ጉዳቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚወሰነው ከመምጣቱ በፊት ባለችው ግማሽ ሰዓት ነው። በዚያች ግማሽ ሰዓት ማን ምን እንደሚሠራ ደግሞ አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

ጅማ ሁሌም ይዘንባል። ይሄ ከሌላው ዝናብ በምን ይለያል?

እውነት ነው፣ ጅማ ዝናብ አይቸግራትም። በዓመት ከ1,400 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች። ግን ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ የሚወርድ የሐምሌ ዝናብ ሌላ ነው፣ ይሄ ሌላ።

አንዳንድ ቀን የነጎድጓድ ዳመናዎች በተናጠል አይመጡም። ጎን ለጎን ተሰልፈው፣ ብዙ ኪሎ ሜትር የሚረዝም መስመር ሠርተው ይመጣሉ። ከዳመናው ውስጥ ቀዝቃዛ አየር ከዝናቡ ጋር እየተምዘገዘገ ይወርዳል። መሬት ሲነካ መሄጃ ስለሌለው ወደፊት ይስፋፋል። በዚህ ምክንያት ነፋሱ ዝናቡን ቀድሞ ይደርሳል። አቧራውን አንስቶ፣ በሩን አላትሞ፣ ልብሱን ከገመድ ላይ የሚወስደው እሱ ነው። ቆርቆሮ የሚገነጠለውም አብዛኛውን ጊዜ ያኔ ነው። ዶፉ ቀጥሎ ይመጣል፣ አንዳንዴም በረዶ ይቀላቀልበታል። መብረቅ ግን ተራ አይጠብቅም፤ ዝናቡ ሳይደርስም፣ ካለፈ በኋላም ሊወርድ ይችላል።

ብቻውን የመጣ ዳመና አንድ ሰፈር መትቶ ሌላውን ሊተው ይችላል። ተሰልፎ ሲመጣ ግን የሚተርፍ ሰፈር እምብዛም አይኖርም። አንድ ቤት ብቻውን ተዘጋጅቶ የማይበቃውም ለዚህ ነው።

በጣም መጠንቀቅ ያለብን መቼ ነው?

በሁለት ወቅት። አንደኛው ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ዝናቡ ሲጀምር ነው። ሁለተኛው መስከረምና ጥቅምት፣ ክረምቱ ሲወጣ ነው። ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁ ነጎድጓድ ይበረታል። በክረምቱ መሃልም መብረቅ አለ፤ ያኔ የሚያሳስበው ግን ይበልጡን ጎርፉ ነው።

ከቀኑ ሰዓትም ይለያል። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ረፋድ ላይ አየሩ ከከበደና ወበቅ ከሆነ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ እስከ ምሽት ያለውን ጊዜ በትኩረት ጠብቁ። ፀሐይ ያሞቀችው እርጥብ አየር በከተማዋ ዙሪያ ያሉትን ኮረብታዎች ተንተርሶ ወደ ላይ ይወጣና ዳመና ይሆናል።

መምጣቱን በምን እናውቃለን?

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የየዕለቱንና የየ10 ቀኑን ትንበያ ያወጣል። በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በማኅበራዊ ገጾቹ ይገኛል። «በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ የሀገሪቱ ክፍል ነጎድጓድ የቀላቀለ ከባድ ዝናብ ይጠበቃል» ካለ፣ ጅማም እዚያ ውስጥ ናት ማለት ነው። ትንበያው ሰፊ አካባቢ ስለሚሸፍን የእናንተን ሰፈርና ሰዓቱን ለይቶ አይነግራችሁም። ቀኑን ግን ይነግራችኋል። ያን ቀን ጠዋት ኃላፊነት የተሰጣቸው ሰዎች ስልካቸውን ቻርጅ አድርገው ይዋሉ።

ሰዓቱን የምትደርሱበት በሌላ መንገድ ነው። የሚያምረው ነገር ጅማ ውስጥ በየገጠሩና በየከተማው ዘመድ የሌለው ሰው የለም። ሰርቦና ሰቃ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አጋሮ ደግሞ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ። ውሽንፍሩ እነሱ ጋ ሲደርስ አንድ ስልክ ቢደውሉ ወይም አጭር መልእክት ቢልኩ ሰፈራችን ጊዜ ያገኛል። በየአቅጣጫው አንድ አንድ ሰው አስቀድማችሁ ያዙ። ሰው በመሃል ሲጨነቅ የሚደውለው ለቅርብ ዘመዱ ብቻ ነው። ስለዚህ «ለእኛም ደውሉልን» ተብሎ በግልጽ መነገር አለበት።

በዓይን የሚታይም ምልክት አለ። የዳመናው ሥር ጥቁርና ዝቅ ያለ ሆኖ ከዳር እስከ ዳር ከተዘረጋ፣ የሞቀው አየር ድንገት ከቀዘቀዘ፣ ሳይዘንብ የእርጥብ አፈር ሽታ ከመጣ፣ ነፋሱ ደጃችሁ ደርሷል። ከዚያ በኋላ ወደ ውጭ ለሚደረግ ሥራ ጊዜ የለም።

መብረቁ ምን ያህል እንደቀረበ ለማወቅ ብልጭታውን ካያችሁ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ቁጠሩ። ድምፅ በ3 ሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። 15 ከቆጠራችሁ 5 ኪሎ ሜትር ነው። 30 ሳይሞላ ከተሰማ ቤት ግቡ። ብልጭታ ሳታዩ ነጎድጓድ ብቻ ከሰማችሁም ግቡ፤ የሚሰማ ነጎድጓድ ሊመታችሁ ከሚችል መብረቅ የመጣ ነው።

ከሰማን እስኪደርስ ስንት ደቂቃ አለን?

እንዲህ ያለ ዳመና በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ ከሰርቦ ጅማ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ይወስድበታል። ሊፈጥንም ይችላል። እኛ የምንመክረው 20 ደቂቃ ብቻ እንዳላችሁ ቆጥራችሁ እንድታቅዱ ነው።

መጀመሪያ ሰው ይሰብሰብ፦ ልጆች ከሜዳና ከወንዝ፣ አረጋውያን ከደጅ። ቀጥሎ ሶኬት ይነቀል። ከዚያ የሚበር ነገር ይግባ፦ ወንበር፣ ሸራ፣ የልብስ ማስጫ፣ በርሜል፣ ጣሪያ ላይ የተተወ ቆርቆሮ። ከብት በመጨረሻ፣ ጊዜ ከተረፈ ብቻ። ቅደም ተከተሉን ማቀያየር አይገባም። ዕቃ ሊያስገባ ወጥቶ መብረቅ የሚመታው ሰው አለ፤ ዕቃው ግን ሌላ ጊዜ ይገዛል።

እድር በዚህ ጉዳይ ምን አገባው? የመንግሥት ሥራ አይደለም?

መንግሥት የራሱ ሥራ አለው። በ20 ደቂቃ ውስጥ በሁሉም በር የሚደርስ ግን ጎረቤት ብቻ ነው። ጎረቤትን ያደራጀ ነገር ደግሞ አለን። እድር የአባላት ዝርዝር አለው፣ ለፋፊ አለው፣ ድንኳንና ወንበር አለው፣ ገንዘብ አለው። ከሁሉ በላይ ሰው ሲጠራ የሚመጣበት ልማድ አለው። ይህ ሁሉ አቅም የሚንቀሳቀሰው ሰው ከሞተ በኋላ ብቻ መሆኑ ያሳዝነናል። ሰው ሳይሞት ቢንቀሳቀስ ምን ይከለክለዋል?

አሠራሩ ቀላል ነው። ሰፈሩን በጎጥ ወይም በመንገድ ከፋፍሉ። ለ10 ወይም ለ15 በር አንድ ሰው መድቡ፣ እሱ ሲታጣ የሚተካውንም ጭምር። ያ ሰው ቢቻል ቀን ቀን ሰፈር የሚውል ይሁን። ባለሱቅ፣ ጡረተኛ፣ ቤት የምትውል እናት ለዚህ ከማንም ይሻላሉ። ወጣቶች ሮጠው ያደርሳሉ፤ ግን ቀን ሥራና ትምህርት ላይ ናቸው።

ምልክቱን በተመለከተ አንድ ነገር አስቡበት። የእድር ጥሩንባ ከተነፋ ሰው የሞተ ይመስላል፤ ሕዝቡ ወደ ውጭ ነው የሚወጣው። እኛ የምንፈልገው እንዲገባ ነው። ለውሽንፍር ሌላ ድምፅ ይኑር። ፊሽካ ጥሩ ነው፤ ርካሽ ነው፣ በነፋስ ውስጥም ይሰማል። የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያም ትልቅ እገዛ ያደርጋል። ከኢማሞቹና ከካህናቱ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ነው። መልእክቱ በኦሮምኛም በአማርኛም ይነገር።

በር ላይ የሚባለው ነገር አጭርና አንድ ዓይነት ይሁን። ለምሳሌ፦ «እትዬ፣ ውሽንፍር ከሰርቦ በኩል ተነስቷል። ልጆቹ ገብተዋል? ሶኬት ይንቀሉ። እስክንመለስ እንዳይወጡ።» ይኸው ነው። ቆሞ ማብራራት የቀጣዩን በር ደቂቃ ይበላል።

ዝርዝር ውስጥ የማይገኙትስ?

ይሄ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ትልቁ ክፍተት ግን እሱ ነው። የእድር መዝገብ የሚይዘው አባላትን ነው። ተከራይ፣ የቀን ሠራተኛ፣ ከገጠር መጥቶ ቤት የተከራየ ተማሪ፣ የሰው ቤት ሠራተኛ፣ ግንባታ ላይ የሚያድር ዘበኛ እዚያ ውስጥ የሉም። ብዙ ጊዜ የሚኖሩትም በደካማው ክፍል፣ በጓሮ ሰርቪስ ወይም በወንዝ ዳር ነው። ዩኒቨርሲቲው ባለበት ሰፈር ደግሞ ተከራዩ በየዓመቱ ይቀያየራል። ስለዚህ ለዚህ ሥራ የሚያዘው ዝርዝር የበር እንጂ የአባል አይሁን። በየመስከረሙ ዞር ዞር ብሎ ማደስ ነው።

ከዝርዝሩ አጠገብ ምልክት ይደረግ፦ መንቀሳቀስ የማይችል ሰው፣ ዓይነ ስውር፣ መስማት የተሳነው፣ ነፍሰ ጡር፣ አራስ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋዊ። እነዚህ ቤቶች በፊሽካ አይተዉም። ሰው ገብቶ ያያቸዋል።

ለቅሶ ወይም ሰርግ ላይ ድንኳን ተተክሎ ከሆነስ?

ድንኳን መጠለያ አይደለም። ምሰሶው ብረት ነው፣ ሸራው ነፋስ ይይዛል፣ ሥሩ ብዙ ሰው ተሰብስቧል። ነጎድጓድ ከተሰማ ሰዉ ወደ ቤትና ወደ ጎረቤት ቤት ይበተን። ለቅሶ ላይ ይህን ማለት ለአንድ ወጣት ከባድ ነው፤ ነውር ይመስለዋል። ስለዚህ የእድሩ ዳኛ ራሳቸው ቢናገሩ ይመረጣል። ሀዘንተኞቹን ቀድሞ ማስገባት፣ ከዚያ ሌላው ይከተላል። ምሰሶውን ይዞ ድንኳኑን ለማትረፍ የሚታገል ሰው መኖር የለበትም።

ቤታችን ላይ አስቀድመን ምን እናስተካክል?

ከጣሪያው ጀምሩ። ነፋስ ቆርቆሮን የሚያነሳው ከጠርዙ ነው፤ አንዱ ጫፍ ከተከፈተ ሌላው ተከትሎ ይሄዳል። ጠርዝና ጫፍ ላይ ያሉ ምስማሮችን አስፈትሹ። የላላውን አስነቅሎ፣ ጎሚኒውን ቀይሮ እንደገና ማስመታት ብዙ ወጪ የለውም። እንጨቱ የበሰበሰ ከሆነ ግን አዲስ ምስማርም አይይዝም፤ መጀመሪያ እንጨቱ ይቀየር። የጣሪያውን እንጨት ከግድግዳው ቋሚ ጋር በወፍራም ሽቦ ማሰር በጣም ይረዳል።

ጣሪያ ላይ ድንጋይ መጫን የተለመደ ነው። እባካችሁ ተዉት። ቆርቆሮው ሲነሳ ድንጋዩ አብሮ ይነሳና ሰው ላይ ያርፋል።

ቀጥሎ ዛፍ። ቤት ላይ ወይም ሽቦ ላይ ያዘነበለ ባሕር ዛፍ፣ የደረቀ ቅርንጫፍ፣ ሥሩ በጎርፍ የታጠበ ዛፍ ዝናቡ ሳይጀምር ይታይ። ሽቦ የሚነካውን ራሳችሁ አትቁረጡ፤ ለመብራት አገልግሎት አመልክቱ።

ከዚያ ውሃው። 60 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 2,400 ሊትር ውሃ ነው። 12 በርሜል ማለት ነው፣ ከአንድ ቤት ብቻ። ያ ሁሉ ውሃ ከአሸንዳው ወጥቶ የሚሄድበት ቦይ በፌስታልና በፕላስቲክ ጠርሙስ ከተደፈነ ወደ ጎረቤት ቤት ይገባል። የእናንተ ጣሪያ ውሃ የታች ጎረቤታችሁ ጎርፍ ነው። ስለዚህ የቦይ ጠረጋ በደቦ መሆን አለበት፣ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ። ከላይ ከተጀመረ የተጠራቀመው ቆሻሻ ታች ሄዶ ይደፍነዋል። የተጠረገውን ጭቃ ደግሞ ቦዩ አፍ ላይ ከምሮ መሄድ አይጠቅምም፤ በማግስቱ ተመልሶ ይገባል።

መብራትና ዕቃስ?

ቴሌቪዥን፣ ፍሪጅ፣ ዲሽ፣ ቻርጀር አስቀድሞ ከሶኬት ይነቀል። ማጥፋት ብቻ አይበቃም። መብረቅ ራቅ ብሎ የኤሌክትሪክ መስመር ቢመታ እንኳ በሽቦው ቤት ድረስ ይመጣል። ነጎድጓዱ አናታችሁ ላይ ከደረሰ ግን መንቀሉን ተዉት። ያኔ ሶኬት መንካት ራሱ አደጋ ነው። በዚያ ሰዓት ሻወር መውሰድና ዕቃ ማጠብም ይቆይ፤ የብረት ቧንቧም መንገዱ ሊሆን ይችላል።

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፤ ኃይሉ ሲዋዥቅ ዕቃ ይቃጠላል። ለማታ የእጅ ባትሪ ከሻማ ይሻላል፤ በነፋስ ቀን ሻማና ኩራዝ ቤት ያቃጥላሉ።

የወደቀ ሽቦ ካያችሁ የሞተ ነው ብላችሁ አትቅረቡ። ቢያንስ 10 ሜትር ራቁ፣ ሰው አቁሙና ልጆችን አስመልሱ፣ ለመብራት አገልግሎት 905 ደውሉ። መሬቱ ረጥቦ ከሆነ ከዚያም በላይ ራቁ።

ደጅ ላይ ሆነን መብረቅ ከጀመረ የት እንግባ?

ግድግዳና ጣሪያ ያለው፣ የኤሌክትሪክና የውሃ መስመር የተዘረጋለት ቤት ከሁሉ ይመረጣል። ጣሪያው ብረት የሆነና መስኮቱ የተዘጋ መኪናም ጥሩ ነው፤ ብረቱን ሳትነኩ ተቀመጡ። ባጃጅ ግን ከዚህ አይቆጠርም። ጎኑ ክፍት፣ ጣሪያው ሸራ ነው። የጉሊት ጥላ፣ የአውቶቡስ መጠበቂያ፣ የሣር ጎጆ፣ የእርሻ መጠበቂያ ማማ አይጠብቁም።

ከሁሉ የከፋው ለብቻው የቆመ ረጅም ዛፍ ነው። መብረቅ ዛፉን ሲመታ ከግንዱ ዘሎ አጠገቡ ያለውን ሰው ይመታል፤ በሥሩም በኩል መሬቱን ይዞ ይሄዳል። ብዙ ሰው የሚጎዳው በቀጥታ ተመትቶ ሳይሆን በመሬት በኩል በሚመጣው ነው። ከብት በጅምላ የሚያልቀውም ለዚህ ነው። የፊትና የኋላ እግራቸው የተራራቀ ስለሆነ ኃይሉ በአንዱ ገብቶ በሌላው ሲወጣ ልባቸውን ያልፋል።

ቡና ማሳ ውስጥ ከሆናችሁና ቤት ከራቀ፣ ከረጃጅሞቹ የጥላ ዛፎች ራቅ ብላችሁ ቁመታቸው ተቀራራቢ የሆኑ አጫጭር ዛፎች ወዳሉበት ዝቅተኛ ቦታ ሂዱ። ብዙ ከሆናችሁ ተራርቁ፤ አንዱ ቢመታ የሚረዳው እንዲተርፍ። መሬት ላይ አትተኙ። ሌላ አማራጭ ጨርሶ ከጠፋ እግር ገጥሞ ቁጢጥ ማለት ነው። ይሄ ግን ያድናል የሚባል አይደለም፤ አደጋውን ትንሽ ይቀንሳል። መሄድ የሚቻል ከሆነ ቤት መግባት ነው።

ሞባይል መብረቅ ይስባል? መስታወትስ? ቀይ ልብስስ?

አይስቡም። ቻርጀር ላይ ያልተሰካ ሞባይል ቤት ውስጥ መጠቀም ይቻላል፤ ለዚህ ሥራ ያስፈልጋልም። መስታወት መሸፈኑ ጉዳት የለውም፣ ግን ከእሱ በፊት ሶኬቱ ይነቀል። መብረቅ የሚመርጠው ቁመትን፣ ለብቻ መቆምንና የተዘረጋ ብረትን ነው።

መብረቅ የመታውን ሰው ብነካው ይይዘኛል?

አይዝም። ሰውነቱ ውስጥ የሚቀር ኤሌክትሪክ የለም። ይህን ባለማወቅ ዳር ቆሞ ማየት ነፍስ ያስጠፋል። መብረቅ የመታው ሰው ልቡና ትንፋሹ ሊቆሙ ይችላሉ፤ ፈጥኖ ከተረዳ ግን የመትረፍ ዕድል አለው።

ብዙ ሰው ከተመታ መጀመሪያ የማይተነፍሰውን እርዱ። የሚጮኸው በሕይወት አለ። በጀርባው አስተኙት። የአንዱን እጅ መዳፍ ደረቱ መሃል አድርጉ፣ ሌላውን ከላይ ደርቡ፣ ክንዳችሁን ሳታጥፉ ወደ ታች 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ጠንክራችሁ ተጫኑ። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ሳታቋርጡ። የሚያውቅ ሰው ካለ በየ30ው ሁለት ትንፋሽ ይስጥ። አንዱ ይጫን፣ ሌላው ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደውል፣ ሲደክም ይቀያየሩ። ወተት ለማጠጣት ወይም ውሃ ለመድፋት ደቂቃ አታጥፉ። ተነስቶ «ደህና ነኝ» ቢል እንኳ ሐኪም ይየው።

ይህን በቃል ብቻ አትያዙት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም የጤና ተማሪ ጋብዛችሁ በአንድ የእድር ስብሰባ ተለማመዱት። በትራስ ላይም ቢሆን ይለመዳል።

አዌቱ ወንዝ ዳር ለምንኖር ሰዎችስ?

አዌቱ ከላይ ከጅሬን በኩል ካሉት ኮረብታዎች መጥቶ ከተማውን መሃል ለመሃል ያልፋል። ስለዚህ የእናንተ ሰማይ ላይ ያለውን ብቻ አትዩ። ላይ ከዘነበ፣ እናንተ ጋ ካፊያ ሳይኖር ወንዙ ሊሞላ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋን የመታው ጎርፍ እንዲህ ነበር። ከደጋው የወረደ ውሃ የደቻቱን ወንዝ ይዞ በሌሊት ገባ፤ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ሕዝቡ ተኝቶ ነበር።

ላይኛው ሰፈርና ታችኛው ሰፈር ስልክ መለዋወጥ ያለባቸው ለዚህ ነው። ከላይ ያለ እድር «ውሃው ቀለሙ ተቀይሯል፣ ግንድ ይዟል» ብሎ ቢደውል፣ ታች ላለው ትልቅ ውለታ ነው። ድልድዩ ምሰሶ ላይ ወይም ዳሩ ባለ ድንጋይ ላይ በቀለም መስመር አስምሩ። ውሃው መስመሩን ከነካ ልጆችና አረጋውያን ወደ ከፍታው ይወጣሉ፣ ሌሊትም ቢሆን። የሚገቡበት ቤት አስቀድሞ ይታወቅ፤ ባለቤቱም በሩን ለመክፈት እሺ ብሎ የፈቀደ ይሁን።

የሚሮጥ ውሃ ይናቃል፤ ጥልቀቱ ስለማያስፈራ። 15 ሳንቲ ሜትር የሚሮጥ ውሃ አዋቂን ሊጥል ይችላል። 30 ሳንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል። ባጃጅን ደግሞ ከዚያ ያነሰ ውሃም ይወስደዋል። የባጃጅ ሹፌሮች፣ ተሳፋሪ ቢለምናችሁም ውሃ በሸፈነው መንገድ አትሻገሩ። ታች ያለው አስፋልት ይኑር አይኑር አታዩትም። ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች በእንጨት መሻገሪያ እንዳይሄዱ እዚያው ሰው ይቁም።

መታወቂያ፣ የቤት ካርታ፣ የልጆች ክትባት ካርድ፣ መድኃኒት በወፍራም ፌስታል ታስሮ በአንድ ቦታ ይቀመጥ።

ተዳፋት ሥር ነው ቤታችን። ናዳ ያሰጋናል?

ቀናት ሙሉ ዘንቦ መሬቱ ከጠገበ በኋላ ከባድ ዶፍ ከተጨመረበት ያሰጋል። መሬት ላይ አዲስ ስንጥቅ፣ ያዘነበለ ምሰሶ ወይም ዛፍ፣ ድንገት መክፈት ያቃተ በር፣ በድንገት የደፈረሰ ምንጭ ካያችሁ ውጡ፤ ለቀበሌም ንገሩ።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን የደረሰውን ሁላችንም እናስታውሳለን። መጀመሪያ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ሰዎች ላይ ሌላ ናዳ ወረደ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ጎረቤትን ለመርዳት መሮጥ ክቡር ነገር ነው። ግን አንድ ሰው ከጎን ቆሞ ተዳፋቱን ይመልከት፣ ሲንቀሳቀስ ይጩህ። የሚገባው ሰው ጥቂት ይሁን፣ ሌላው ዳር ይጠብቅ።

ትምህርት ቤትና ገበያ?

ትምህርት ቤት፦ ነጎድጓድ ከቀረበ ተማሪ አይለቀቅ። «ሳይዘንብ ይድረሱ» ብሎ መልቀቅ ልጆቹን መንገድ መሃል ላይ ያስመታል። ወላጅም ይህን አውቆ በር ላይ አይጨቃጨቅ።

ገበያ፦ የሂርማታ የሐሙስ ገበያ ላይ ሰው ብዙ ነው፣ ሸራውም ብዙ ነው። በየተራው አንድ ባለሱቅ በሩን ለጉሊት ነጋዴዎች ለመክፈት ቢስማማ ብዙ ሰው ይተርፋል። ሸራ የወጠረ ሰው ገመዱን ፈትቶ ይጣለው እንጂ ይዞት አይቁም።

ቡናችን ማድረቂያ አልጋ ላይ ነው። እሱንስ ማን ያድንልን?

ጭንቀቱ ይገባናል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ የደረሰ ቡና አንዴ ከረጠበ ይሻግታል፣ ዋጋው ይወርዳል። መፍትሔው ግን በመብረቅ ውስጥ መሮጥ አይደለም። የማድረቂያው ሽቦ ረጅም ብረት ነው፤ ነጎድጓድ እያለ እሱን መንካት አደገኛ ነው። ትንበያው ነጎድጓድ ባለበት ቀን ቡናው ከሰዓት በፊት ይሰብሰብና ይሸፈን። መሸፈኛው ከየአልጋው ሥር ተጠቅልሎ፣ ማሰሪያው አብሮ ተቀምጦ ይደር። ዝናቡ ሲያባራ ቶሎ ግለጡት፤ ታፍኖ ማደር ራሱ ያበላሸዋል።

ካለፈ በኋላ መቼ እንውጣ? ምን እናድርግ?

የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ፀሐይ ብትወጣም ጠብቁ። ከዚያ በር የተመደበላቸው ሰዎች በዚያው ዝርዝር መሠረት እንደገና ይዙሩ። መጀመሪያ ምልክት የተደረገባቸው ቤቶች ይታዩ።

ጣሪያ ላይ ወዲያው አትውጡ፤ ቆርቆሮው ያንሸራትታል፣ ሽቦም ወድቆበት ሊሆን ይችላል። ጎርፍ የገባበትን ጉድጓድና ምንጭ ውሃ አፍልታችሁ ወይም ውሃ አጋር (የውሃ ማከሚያ ክሎሪን) ጨምራችሁ ጠጡ። መጸዳጃ ቤት ሞልቶ ከፈሰሰ ልጆች በዚያ ውሃ አይጫወቱ። የተጎዳውን ቤት ከመጠገናችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፤ ለቀበሌ ስታመለክቱ ይጠቅማል።

ተጠርተን፣ ተሯሩጠን፣ ሳይመጣ ቢቀርስ? ሰው ይሰለቻል።

ይሆናል። ከሰርቦ የተነሳው ወደ ሌላ አቅጣጫ ሊያልፍ ወይም መንገድ ላይ ሊደክም ይችላል። በዚህ ምክንያት ፊሽካ የነፋው ሰው አይወቀስ። አንዴ ከተወቀሰ ቀጥሎ እርግጠኛ እስኪሆን ይጠብቃል፤ እርግጠኛ የሚሆነው ደግሞ ነፋሱ ቤቱ ሲደርስ ነው። ልጆቹ ገብተዋል፣ ሶኬቱ ተነቅሏል፣ የጠፋው 20 ደቂቃ ነው።

ገንዘብ ከየት ይምጣ? ስንት ይፈልጋል?

ብዙ አይፈልግም። ለእያንዳንዱ ተጠሪ ፊሽካና የእጅ ባትሪ፣ ለእድሩ ጠንካራ ገመድ፣ አካፋና ዶማ፣ ጣሪያው ለተነሳበት ቤት የሚሆን ትልቅ ሸራ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን። ይህን ከመደበኛው መዋጮ መግዛት ይቻላል፤ ለዚህ ግን ጠቅላላ ጉባኤው ወስኖ በቃለ ጉባኤ መያዝ አለበት፤ አለበለዚያ ያለ ውሳኔ ወጪ ተደረገ ተብሎ ጭቅጭቅ ይነሳል። ንብረቱ የሚቀመጥበት ቤት ቁልፍ ሁለት ሰው ጋ ይሁን፣ አንዱ ቀን ሰፈር ውስጥ የሚውል። የስልክ ዝርዝሩ በወረቀት ተጽፎ በፕላስቲክ ተለብጦ በየተጠሪው ቤት በሩ ጀርባ ይለጠፍ፤ 905፣ 907 እና የፖሊስ 991 ከላይ፣ የሰርቦ፣ የሰቃና የአጋሮ ሰዎች ከሥር።